የላም ወተት ሳሙና ለመጀመሪያ ጊዜ ልሞክር ነው፣ ኮስቲክ ሶዳው ግን አስፈራኝ

የቢሾፍቱዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሁዳዴ ገብቶ ወተት የሚወስድ ጠፋ፣ ለጎረቤት ብንሰጥም ይተርፋል፣ ቅቤ ብናወጣም አሬራው ይከማቻል። እና የወተት ሳሙና ልሞክር አሰብኩ። ያየኋቸው ቪዲዮዎች በሙሉ የፍየል ወተት ነው የሚሉት፣ እኔ ያለኝ የላም ነው። ይሆናል? ደግሞ ኮስቲክ ሶዳው ወተቱ ውስጥ ሲገባ ብርቱካንማ የሚሆነው ለምንድነው? ያለ እሱስ አይሠራም? ልጆች ስላሉ ቤት ማስገባቱን ፈራሁ። ሞራና የሱፍ ዘይት አለኝ፣ የኮኮናት ዘይት እገዛለሁ።

ሳሙና በቤቴ፦
የላም ወተት በደንብ ይሆናል። ያለ ኮስቲክ ሶዳ ግን ሳሙና የለም እህቴ፣ ስቡን ሳሙና የሚያደርገው እሱ ነው። በትክክል ከተመዘነ ደግሞ ከስቡ ጋር ተዋህዶ ያልቃል፣ በሳሙናው ውስጥ አይቀርም።

ብርቱካንማ የሚያደርገው የወተቱ ስኳር ነው። ኮስቲክ ሶዳ ፈሳሽ ሲነካ በጣም ይግላል፣ ስኳሩ ያርራል፣ ከፕሮቲኑም የአሞኒያ ሽታ ይወጣል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ወተቱን በረዶ አድርገው ዱቄቱን በትንሽ በትንሹ የሚነሰንሱበት። ለጀማሪ ግን የሚቀለው ኮስቲክ ሶዳውን በውሃ ማሟሟት፣ ወተቱን ከዘይቱ ጋር መጨመር ነው።

ሞራ 250 ግራም፣ የኮኮናት ዘይት 125፣ የሱፍ ዘይት 125፣ ኮስቲክ ሶዳ 71፣ ውሃ 90፣ ወተት 90። ውሃውንም ወተቱንም በሚዛን፣ በስኒ የሚባል ነገር የለም። ይሄ ልክ 5 በመቶ ያህል ስብ ሳይለወጥ እንዲቀር ያደርጋል፣ ቆዳ እንዳያደርቅ። ከዘይቶቹ አንዱን እንኳ ከቀየርሽ የኮስቲክ ሶዳው መጠን እንደገና ይሰላል፣ ኢንተርኔት ላይ ማስያ ሞልቷል። የሶዳው ውሃና ወተት የገባበት ዘይት ሁለቱም 40 ዲግሪ ገደማ ሲደርሱ ቀላቅለሽ በእጅ ብሌንደር ምቺው፣ እንደ ቀጭን አጥሚት ሲሆን ካርቶን ውስጥ ገልብጪው። ወተት ያለበት ሳሙና ካርቶኑ ውስጥም ይሞቃልና አትሸፍኚው፣ እንዲያውም ፍሪጅ ብታስገቢው ቀለሙ ነጣ ይላል። በማግስቱ ጠንከር ሲል ቆርጠሽ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነፋሻ ቦታ አድርቂው።

ጋሽ ኬሚስት፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ዋናው ነገር ቀረ። በአሉሚኒየም ድስት እንዳትሞክሪው! ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ነው። የማይዝግ ብረት ወይም ሙቀት የሚችል ወፍራም ፕላስቲክ ተጠቀሚ። ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውሃው ይገባል እንጂ ውሃ ሶዳው ላይ አይፈስም፣ ፈንጥቆ ዓይን ያጠፋል። ጓንት፣ መነጽር፣ ረጅም እጅጌ፣ መስኮት ክፍት። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሥሪው። ቆዳሽን ከነካሽ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቢ፣ ኮምጣጤ አፍስሺ የሚሉሽን አትስሚ። የቧንቧ መክፈቻ ተብሎ የሚሸጠውንም ተዪው፣ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት አለ። ኬሚካል ከሚሸጡ ሱቆች ንጹሁን ጠይቂ።

ማሚ ዲሲ፦
እናቶቻችን በአመድ ውሃ ይሠሩ የለ እንዴ? ለምን በዚያ አትሞክርም?

ጋሽ ኬሚስት፦
ይሠራል እመቤት፣ ግን ኮስቲክ ሶዳ የሶዲየም ሲሆን ከአመድ የሚወጣው የፖታሲየም ነው፣ የአመዱ ሳሙና ለስላሳና ዝልግልግ ይሆናል እንጂ አይደርቅም። ጥንካሬውም በየአመዱ ስለሚለያይ ለመመዘን አይመችም። ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም።

የቢሾፍቱዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አንድ ጎረቤቴ የወተት ሳሙና ማዲያት ያጠፋል አለችኝ፣ እውነት ነው? በወተት ፋንታ አሬራውንስ ባደርግ?

ሳሙና በቤቴ፦
ኧረ ማዲያት አያጠፋም። ወተት ስለገባበት ሳሙናነቱ አይቀየርም፣ አልካላይን ነው፣ ደግሞም ታጥበሽ የምታፈሽው ነገር ነው። የወተቱ ስኳር አረፋውን ይጨምራል፣ ስቡ ለስለስ ያደርገዋል፣ በቃ። ልትሸጪው ካሰብሽም መድኃኒት ነው ብለሽ እንዳትጽፊበት።

አሬራው ይሆናል፣ በወተቱ ልክ 90 ግራም አድርጊ። አሲዱ ከሶዳው ትንሽ ይወስዳል እንጂ ሳሙናውን አይጎዳም፣ እንዲያውም ጠንከር ያደርገዋል። አጥልለሽ ግን ጨምሪ፣ የቅቤ ፍርፋሪና የረጋ ነገር ካለበት ሳሙናው ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል።