ሴት ልጆች ወደ ወጣት ማዕከሉ አይመጡም፤ ምን ላድርግ?

ጣና ዳር፦
ሰላም ናችሁ። ባሕር ዳር ባለ አንድ ወጣት ማዕከል በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና የምናማክርበት ክፍል አለን። ምክሩም ኮንዶሙም በነፃ ነው። የሚመጡት ግን ወንዶች ናቸው፤ ያውም ሃያን ያለፉ። ወደ ክፍሉ ለመግባት ፑል በሚጫወቱት መሀል ማለፍ ግድ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያን ሁሉ ዓይን አልፋ ስለ ወር አበባዋ ልትጠይቅ? የማይታሰብ ነው። በጣም የሚያሳስቡኝ ከዘጌና ከመሸንቲ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩት ናቸው። እናት አጠገባቸው የለችም። ስንቃቸው ሲያልቅ ደግሞ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» የሚል ጎልማሳ አይጠፋም። የት ላግኛቸው?

ሲስተር፦
ወንድሜ፣ እኔ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ልጆቹ እኛ ጋ የሚደርሱት ብዙ ጊዜ ከረፈደ ነው። ፖስት ፒል፣ ማለትም ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደው የእርግዝና መከላከያ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ ፍጥነት መወሰድ አለበት። ልጅቷ ተደፍራ ከሆነ የኤች አይ ቪ መከላከያውም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ክፍላችሁ ቅዳሜ ብቻ ከተከፈተ እሑድ ማታ የተደፈረች ልጅ ጊዜው ያልፍባታል። በሳምንቱ መሀል የምትደውልበት ሴት አማካሪ ይኑራችሁ። በጓሮ በኩልም ሌላ በር ክፈቱ።

አንባቢ፦
እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 እዚሁ አማራ ክልል፣ ሞሰቦ ላይ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም ነበር። ልጃገረዶች ከሴት አማካሪ ጋር በቡድን ይሰበሰባሉ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ያገኛሉ። ሴት ልጁን ሳይድር ለቆየ ቤተሰብ የቤት እንስሳ ይሰጠዋል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ጋብቻ ቀነሰ፣ ትምህርት ቤት የሚቆዩትም በዙ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን ጋብቻው አልቀነሰም። እንደ እኔ ሐሳብ፣ ዘጠነኛ ክፍል እስኪደርሱ አትጠብቁ፤ ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል ጀምሩ።

እማማ አከራይ፦
ልጄ፣ ተማሪ አከራያለሁ። የማንኛዋ ስንቅ እንዳለቀ፣ ማን በባጃጅ እንደሚያመላልሳት የምናየው እኛ አከራዮች ነን። እስካሁን ግን የጠየቀን የለም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና እናፈላለን፤ ልጆቹም አብረውን ይጠጣሉ። ሲስተሯ ትምጣና ታጫውታቸው። ነጭ ጋዋኑን ግን አትልበስ፣ ጎረቤት ሌላ ነገር ያወራል።

ጣና ዳር፦
እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ የመጪው እሑድ ይመችሻል? እኔ አልገባም፤ ሞዴስና ደብተር ይዤ አደርስሻለሁ።