በልክ መጠጣት ደከመኝ፣ ጭራሽ ላቁም ወይ?

ጥያቄ፦ «ማታ ማታ»

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 41 ነው። ሰካራም የሚለኝ ሰው የለም። በመጠጥ ምክንያት ከሥራ ቀርቼ አላውቅም። ጠጥቼ መኪና ነድቼም ቤት በጥብጬም አላውቅም። የምጠጣው በሳምንት አራት ቀን ገደማ፣ በአንዴ ሁለት ቢራ ነው። ሦስተኛ የምጨምርባቸው ቀኖችም አሉ።

የቸገረኝ ቢራው ሳይሆን ሕጉ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ያላወጣሁት ሕግ የለም። ከሐሙስ በፊት አልቀምስም አልኩ። ቤት ውስጥ አልጠጣም አልኩ። ከሁለት አላልፍም አልኩ። ሕግ አውጪውም ጠበቃውም ዳኛውም እኔው ነኝ። ማክሰኞ ማታ ጠበቃው ይነሳና «ዛሬ እኮ ከባድ ቀን ነበር» ይላል፤ ዳኛውም ይፈርድለታል። ሁለቱን ስጠጣ ደግሞ ሐሳቤ ሦስተኛው ላይ ስለሆነ ጨዋታውን እንኳ በቅጡ አልሰማም።

ስለዚህ ጭራሽ ላቁም ብያለሁ። የምጠይቃችሁ ይህን ነው። እንደኔ ለሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ማቆም አደጋ አለው? ለጓደኞቼ ምን ልበል? ምሽቱንስ ምን ላድርገው? ባለቤቴ «ለሁለት ቢራ ይህ ሁሉ ጭንቀት ምንድን ነው?» ትለኛለች። እውነት እያጋነንኩ ይሆን?

መልስ፦ «ሲስተር ነኝ»

በመጀመሪያው ልጀምር፣ ሥራዬም ስለሆነ። በነገርከን መጠን የምትጠጣ ከሆነ፣ በመካከሉም ምንም የማትቀምስባቸው ቀኖች ካሉህ፣ በአንድ ጊዜ ማቆም አያሰጋህም። ለጥቂት ቀን መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት ቢኖር ነው።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ግን ለአንተ በሰጠሁት መልስ እንዳይሄድ እፈራለሁ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ እሱን ለማስታገስም የሚቀማምስ ሰው ከመሬት ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ማለት የለበትም። ሰውነቱ አልኮሉን ለምዶታል። ካቆመ ከ6 ሰዓት ገደማ ጀምሮ መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን ሊመጣ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊያጋጥም ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል፤ ይህ ሕመም ሰውን ሊገድል ይችላል። ሐኪም ዘንድ ከሄደ ግን በመድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 እየታገዘ በሰላም ያልፈዋል። ቀድሞ ሲያቆም አንዴ ያንፈራገጠው ሰውም ብቻውን አይሞክረው።

«እያጋነንኩ ይሆን?» ላልከው፣ እስቲ እንቁጠረው። ቢራህ ግማሽ ሊትር ከሆነና 5 በመቶ አልኮል ካለው፣ በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 20 ግራም ንጹሕ አልኮል አለ። በሳምንት ስምንት ጠርሙስ 160 ግራም ነው። እንግሊዞች በፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ ለወንድም ለሴትም በሳምንት ከ14 ዩኒት እንዳይበልጥ ይመክራሉ። የነሱ አንድ ዩኒት 8 ግራም ስለሆነ 14ቱ 112 ግራም ይሆናል። አንተ ሦስተኛዋን ሳንቆጥር እንኳ 20 ዩኒት ላይ ነህ። በ2023 የወጣው የካናዳ መመሪያ ደግሞ ዝቅተኛ ጉዳት የሚለው በሳምንት ከሁለት መጠጥ አይበልጥም። ባለቤትህን ለማስደንገጥ ብዬ አይደለም። «በልክ» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ማንም ለክቶት አያውቅም።

መልስ፦ «ቆጣቢው»

እኔ በዚህ አልስማማም። ምን አስቸኮለህ? እኔ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ቅዳሜ፣ ሁለት እጠጣለሁ። ስድስት ዓመቴ ነው፣ ተጨንቄበትም አላውቅም። በዚያ ላይ ትንሽ ወይን ለልብ ጥሩ ነው ይባላል። መጀመሪያ ለ30 ቀን ብቻ ተወውና እየው። ጭራሽ ብለህ ምለህ ነገ ብትቀምስ ራስህን ነው የምትጠላው።

መልስ፦ «ሲስተር ነኝ»

ቆጣቢው፣ የ30 ቀኑ ሐሳብ ጥሩ ነው። የልቡ ነገር ግን ይቅር። በድሮዎቹ ብዙ ጥናቶች «አይጠጡም» ተብለው ከተቆጠሩት መካከል ታመው ያቆሙ ሰዎች ነበሩበት። ከበሽተኛ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ የሚጠጣው ጤነኛ ቢመስል ምን ይገርማል? የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2023 በግልጽ ያለው፣ ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የመጠጥ መጠን የለም ነው። አልኮል ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ነው። የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የጉበት፣ የአንጀት፣ የጡት ካንሰር ሁሉ ውስጥ እጁ አለበት። በእርግጥ አደጋው ከመጠኑ ጋር ነው የሚያድገው፤ የቅዳሜ ሁለትህና የሌላው ሰው የቀን ስምንት አንድ አይደሉም።

መልስ፦ «አምስተኛ ዓመት»

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ማስታወሻ ደብተር ያነበብኩ መሰለኝ። እኔም ሕግ አውጪ ነበርኩ። «ከሁለት ብርጭቆ ወይን አላልፍም» የሚለውን ሕጌን ላለማፍረስ ትልቅ ብርጭቆ እስከ መግዛት ደርሻለሁ።

ቆጣቢው እውነቱን ነው፣ ለሱ ይሠራል። ስለ መጠጥ ሳያስብ ከእሁድ እስከ ዓርብ የሚቆይ ሰው ልኩ አያስቸግረውም። አንተና እኔን ያደከመን ግን ልኩ ራሱ ነው። ስታቆም አንድ ጊዜ ትወስናለህ። ስትቀንስ በየምሽቱ እንደ አዲስ ትወስናለህ። ያውም ደክሞህ፣ ርቦህ፣ አንድ ጠጥተህ። ጠዋት ሕጉን ያወጣው ሰው እኮ ማታ ከሁለተኛው ጠርሙስ በኋላ እዚያ የለም።

የ30 ቀኑን እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጨረስኩ፤ ግን ቀን እየቆጠርኩ ነበር የጨረስኩት። በ31ኛው ቀን ለራሴ ሽልማት ምን እንደሰጠሁ መገመት ትችላለህ። ስለዚህ ወር ከያዝክ፣ ከወሩ በኋላ ምን እንደምታደርግ ዛሬውኑ ወስን። ያን ጊዜ አይደለም።

ለጓደኞችህ ደግሞ ንግግር አታዘጋጅ። ምክንያት ከሰጠህ ምክንያቱን ይሞግቱሃል። «መድኃኒት ላይ ነኝ» ብትል «መቼ ትጨርሳለህ?» ይሉሃል። «ዛሬ አልጠጣም» ብትል ነገ ይጠብቁሃል። «አቁሜያለሁ፣ ለኔ ውሃ» በልና ወሬውን ቀጥል። «ታመምክ እንዴ?» ካሉ «ደህና ነኝ፣ በቃኝ» ነው መልሱ። ከሁሉም ቀድመህ እዘዝ፤ እጅህ ላይ ብርጭቆ ካለ ግማሹ ሰው አያስተውልህም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዘግይተህ ድረስ፣ ጨዋታው መደጋገም ሲጀምር ውጣ። ያ ሰዓት ሳይጠጡ ሲያዩት መቼ እንደሆነ ወዲያው ይታወቅሃል፤ እኔ አንድ ቀልድ በአንድ ማታ አራት ጊዜ ሰምቻለሁ።

አንድ ጓደኛዬ ግን አልለቀኝም ነበር። «አንድ ምን አላት?» እያለ ጨቀጨቀኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማታ ደውሎ «እንዴት አድርገህ ነው የተውከው?» አለኝ። ስለዚህ የሚጨቀጭቅህን ቶሎ አትቀየመው።

መልስ፦ «ዝምተኛዋ»

ስለ ምሽቱ ልንገርህ። ቀኑን ሙሉ መጠጥ ትዝ አይልህም፣ አይደል? እኔን አምሮቱ የሚይዘኝ ከሥራ ወጥቼ እራት እስክበላ ባለው ሰዓት ነበር። ያቺን ሰዓት ከያዝክ ሌላው ቀላል ነው። ሥራ ልትወጣ ስትል አንድ ነገር ብላ። የረሃብንና የመጠጥን አምሮት ለረጅም ጊዜ ለይቼ አላውቃቸውም ነበር። ሁልጊዜ ወደ ቤት በምትገባበት መንገድ አትግባ። ቤት ያለውን መጠጥ አውጣው፤ ለእንግዳ ብለህ አታስቀምጥ፣ የመጀመሪያው እንግዳ አንተው ነህ።

አምሮቱ ሲመጣ አትታገለው፣ ሰዓት እይ። ይነሳል፣ ይበረታል፣ ከዚያ ይወርዳል። እኔ ላይ ከሃያ ደቂቃ አልፎ አያውቅም። ዕቃ እያጠብኩ የማሳልፈው ነበር፤ ባሌ ወጥ ቤቱ ለምን እንዲህ እንደጸዳ ሳይገባው ሁለት ወር ተደሰተ።

እንቅልፍህ መጀመሪያ ይረበሻል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል እንጂ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ያለ እሱ መተኛት እስክትለምድ ጥቂት ሌሊት ትገላበጣለህ። ተስፋ ቆርጠህ «ለእንቅልፍ አንድ» እንዳትል። ጣፋጭም ያምርሃል፤ ለጊዜው ብላ፣ ሁሉንም በአንዴ አትተው።

አሁን የማፍርበትን። በአራተኛው ወር አንድ ግብዣ ላይ አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ። አንዲት ብርጭቆ ምንም አላደረገችኝም። የጎዳኝ በማግስቱ ለራሴ ያልኩት ነው፦ «በቃ ፈረሰ፣ አራት ወር ገደል ገባ።» ስለፈረሰ ሁለት ወር ሙሉ ጠጣሁ። አለን ማርላት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ይህንኑ አጥንቶታል። እንደሱ አባባል ሰውን መልሶ የሚጥለው ቅምሻው ብቻ ሳይሆን፣ ከቅምሻው በኋላ ለራሱ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ቆጣቢው የፈራልህም ይህንን ይመስለኛል። ከቀመስክ በማግስቱ ካቆምክበት ቀጥል። አራቱ ወር የትም አልሄደም።

መልስ፦ «ለስላሳ»

አጭር ማስጠንቀቂያ። «ከአልኮል ነፃ» የሚባሉት ቢራዎች ብዙዎቹ እስከ 0.5 በመቶ አልኮል አላቸው። አያሰክሩም። ወንድሜን ጠቅመውታል፤ እኔን ግን ሽታውና ጣዕሙ ቀጥታ ወደ እውነተኛው መለሰኝ። ጠርሙሱን አንብብ፣ ራስህንም ታዘብ።

ጠያቂው «ማታ ማታ»፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ

ጠፋሁባችሁ። አቁሜያለሁ። የሲስተርን ስሌት ለባለቤቴ ሳሳያት ዝም ብላ ካልኩሌተር አመጣችና ደግማ ሠራችው። ከዚያ ወዲህ «ማጋነን» የሚለው ቃል ቤታችን ውስጥ አልተነሳም።

የመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ሁለተኛው ሳምንት ነጭናጫ ነበርኩ፤ ልጆቼን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ጓደኞቼ ጋ «አቁሜያለሁ» አልኩ፣ አንዱ ሳቀ፣ ወሬው ቀጠለ። ለአስር ቀን ስለማመደው የከረምኩት ነገር በአስር ሰከንድ አለቀ። እውነት ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ። የሆነ ክርክር ጠብቄ ነበር።

ባለፈው ማታ ባለቤቴ «ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው» አለችኝ። ረስቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ያኔ አልነገርኳችሁም። ሰሞኑን ስለካ ቁጥሩ ወርዷል፣ ድንገት ስነሳም ያዞረኛል። መድኃኒቱን ልቀንሰው እንዴ?

መልስ፦ «ሲስተር ነኝ»

ራስህ እንዳትቀንሰው! መጠጥ ሲቆም ግፊት ሊወርድ ይችላል፣ ስለዚህ የድሮው መጠን አሁን በዝቶብህ ይሆናል። ግን ምክንያቱ እሱ መሆኑን እዚህ ሆኜ ልነግርህ አልችልም። ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ፣ አምስት ደቂቃ አርፈህ ለካና ጻፈው። መድኃኒቱን ላዘዘልህ ሐኪም ወረቀቱን ይዘህ ሂድ፣ መቼ እንዳቆምክም ንገረው። ራስህን የሚያስትህ ከሆነ ሳምንቱን አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ሂድ። እስከዚያ ከአልጋ ስትነሳ መጀመሪያ ቁጭ በል፣ ከዚያ ቁም።