ከቱቦ ያወጣናትን የድመት ግልገል ሁለት ውሾች ካሉበት ግቢ እንዴት ላላምዳት?

የኮተቤዋ ልጅ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ? ውሻም ድመትም አብራችሁ የምታሳድጉ ሰዎች ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ሰሞኑን ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ በራችን ፊት ለፊት ካለው የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ውስጥ የድመት ግልገል ስታለቅስ ሰማን። እናቷ መጥታ ትወስዳት ይሆናል ብለን ከሩቅ ጠበቅን። አልመጣችም፣ ውሃው ደግሞ እየሞላ ነበር፣ ስለዚህ አወጣናት። ዓይኗ ተገልጧል፣ ትንንሽ ሹል ጥርሶች አሏት፣ ትሄዳለች። ግን ጎድኗ ይቆጠራል፣ ቁንጫም ወሯታል። አሁን ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ካርቶን ላይ ተኝታለች። ስሟን ውሪት ብለናታል።

ጭንቀቴ ውሾቻችን ናቸው። ቡቺ አርጅታለች፣ ከምግቧና ከፀሐይዋ ሌላ ብዙም ግድ የላትም። ጃክ ግን የጀርመን ሸፐርድ ዲቃላ ነው፣ ገና ጎረምሳ፣ አጥር ላይ ድመት ካየ ግቢው ይቀወጣል። ቀን ቀን ታስረው ይውላሉ፣ ማታ ይለቀቃሉ። ዘበኛ ስለሌለን ግቢውን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ጎረቤቶቻችን "ዝም ብለሽ ልቀቂያት፣ እርስ በርሳቸው ይለማመዳሉ" ይሉኛል። እኔ ግን ዓይኔ እያየ እንድትበላብኝ አልፈልግም።

እማዬ ደግሞ ሌላ ስጋት አላት። ታላቅ እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ የምትታረሰውም እኛ ቤት ነው። ድመት ጽንስ የሚያበላሽ በሽታ ታመጣለች ብለው ነግረዋት ፈርታለች። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው፣ ቤት ውስጥ ሥጋ የሚባል የለም። ምን ላብላት? ከውሾቹስ ጋር ከየት ልጀምር? ጣያት ብቻ እንዳትሉኝ፣ እሱን አላደርገውም።

ሁለት ውሻ አንድ ድመት፦

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ነፍስ ነው ያተረፍሽው። ጎረቤቶችሽን ግን በዚህ ነገር አትስሚያቸው።

ብዙ ጊዜ የምናነበው ምክር ሳሎን ውስጥ ከሰው ጋር ለሚኖር ውሻ የተጻፈ ነው። የኛ የግቢ ውሻ ኑሮው ሌላ ነው። እንግዳ ነገር እንዳይገባ ብለን ነው ያሳደግነው፣ ከአጥር ላይ ድመት ሲያባርር "ጎሽ!" ብለነዋል። አሁን ድንገት "ይቺኛዋ የቤት ናት" ብንለው ከየት ያውቃል? ቀስ ብሎ መማር አለበት፣ ያውም ከአንቺው ጋር ሆኖ።

መጀመሪያ ነገር አያያት። ሰርቪሱ በሩ የሚዘጋ ከሆነ በጣም ጥሩ ቦታ ነው፣ እዚያው ትሰንብት። አንድ አሮጌ ጨርቅ ወስደሽ እሷ ላይ እሺው፣ ጉንጯንና ጀርባዋን፣ ከዚያ ውሾቹ ምግብ አጠገብ አስቀምጪው። የእነሱን ጨርቅም ለሷ እንደዚያው። ጃክ ጨርቁን አሽትቶ ዞር ካለ "ጎሽ የኔ ልጅ" በይውና የሚወደውን ነገር ጣል አድርጊለት። ጨርቁን ይዞ ካራገፈው ወይም አፍንጫውን ተክሎ አልነቃነቅ ካለ ገና ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ከተዘጋው በር ወዲህና ወዲያ አብሊያቸው። መጀመሪያ ራቅ አድርገሽ፣ እየዋለ እያደረ ቀረብ እያደረግሽ። የሷ ሽታ ሲመጣ ጥሩ ነገር እንደሚመጣ ይገባዋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበውን ልንገርሽ። ጃክ በሰንሰለት ታስሮ እያለ አታሳዪው። የታሰረ ውሻ ድመት ከሰንሰለቱ ማዶ ወዲያ ወዲህ ስትል ሲያይ፣ መድረስ እያማረው መድረስ ሲያቅተው፣ ቀኑን ሙሉ እልህ ሲይዘው ይውላል። ማታ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። ማሳየት ያለብሽ አንቺ ገመዱን በእጅሽ ይዘሽ፣ ከተራመደ በኋላ፣ ደከም ሲለውና ጠግቦ ሲሆን ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ አታምጪ። ውሾች ሁለት ሲሆኑ ይደፋፈራሉ፣ ብቻዋን ስትሆን ዞር ብላ የማታያት ቡቺ እንኳ ጃክ ሲነሳ ተከትላው ትነሳለች። ከቡቺ ጀምሪ።

በሩ ላይ የሽቦ ወንፊት ማስመታት ከቻልሽ ሥራው በግማሽ ይቀላል። ይተያያሉ፣ ይሸታተታሉ፣ ግን አይነካኩም። ያኔ ዓይንሽን ከጃክ ላይ አትንቀይ። ሰውነቱ ለስለስ ብሎ፣ አፉ ከፈት ብሎ፣ አየት አድርጓት ወደ አንቺ ከዞረ ደህና ነው። አፉን ገጥሞ፣ ጆሮውን ወደ ፊት አቁሞ፣ ድርቅ ብሎ ካፈጠጠባት ግን አብቂ፣ ይዘሽው ሂጂ። ብዙ ሰው የሚጮኸውን ውሻ ነው የሚፈራው። እኔ የሚያስፈራኝ ጸጥ ብሎ የሚያፈጠው ነው። ስሙን ስትጠሪው ካልዞረ ለዛሬ በቃ፣ ነገ ሌላ ቀን ነው።

ሐኪሙ ከቢሾፍቱ፦

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ እኔ ጤናውን ልጨምርበት። ከጎዳና የመጣች ግልገል ሁለት ሳምንት ያህል ከሌሎቹ ተለይታ ብትቆይ ጥሩ ነው። ስለዚህ የውሾቹን ነገር በማስቸኮል ምንም አታተርፊም።

ቁንጫው ቀላል ነገር አይደለም። ትንሽ ግልገል ላይ ሲበዛ ደሟን ይጨርሳል። ከንፈሯን ገልበጥ አድርገሽ ድዷን እዪ፣ ሮዝ መሆን አለበት። ነጥቶ ካየሽው ዛሬውኑ ክሊኒክ ውሰጃት። ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ቶሎ አጥበሽ በደንብ አድርቂያት፣ እንዳይበርዳት፣ ከዚያ በቅማል ማበጠሪያ አበጥሪያት። የወጣውን ቁንጫ ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ ንከሪው፣ አለበለዚያ ይዘላል። አደራ የምልሽ ግን ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት ወይም ለከብት መዥገር የሚረጨውን እንዳትቀቢያት። ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ውሻን አይጎዳም፣ ድመትን ግን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። ፓራሲታሞልም ለድመት መርዝ ነው። "ለሰው ልጅ የሚሰጥ ነው፣ ምን ያደርጋታል" ብለው ሰጥተው የሚያመጡልን ሰዎች አሉ፣ ብዙ ጊዜ አናተርፋትም።

የትል መድኃኒት በክብደቷ ተለክቶ ይሰጣታል፣ በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል። በዓይንሽ ገምተሽ አትስጪ፣ ትመዘን። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላት ነው። ይልቅ የምጠይቅሽ ጃክና ቡቺ ዘንድሮ ተከትበዋል ወይ? ካልተከተቡ ከሁሉም በፊት እሱን ጨርሺ። እሷን ስትይዙ ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ ፓስተር የምንለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ይህን በሽታ በደንብ ያውቀዋል። የባህል መድኃኒት ፍለጋ አትዙሩ። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን ነገር የለም፣ ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል።

ስለ እህትሽ። እናትሽ የሰሙት ነገር እውነት አለው፣ ቶክሶፕላዝማ ይባላል። ነገር ግን ድመቷን ከቤት የሚያስወጣ አይደለም። በሽታው የሚወጣው በዓይነ ምድሯ ነው፣ ከወጣም በኋላ ለመያዝ የሚበቃው ቢያንስ አንድ ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ አሸዋዋ በየቀኑ ይጸዳ፣ የምታጸዳው ደግሞ እህትሽ አትሁን፣ በቃ። ጥሬ ሥጋና በደንብ ያልታጠበ ሰላጣም ያንኑ በሽታ ያስተላልፋሉ። እናትሽ የድመቷን ያህል ክትፎውንም ይፍሩልኝ። አሸዋውን ውሾቹ የማይደርሱበት ቦታ አድርጊው፣ ውሻ የድመት ዓይነ ምድር ካገኘ ይበላል።

አቡ ሮኪ፦

እኛ ቤት ዝም ብለን ለቀቅናት። ሮኪ አንዴ ሲቀርባት አፍንጫውን ቧጨረችው፣ ከዚያ ወዲህ ይፈራታል። አሁን አብረው ይተኛሉ። ነገሩን አታካብዱት።

ሁለት ውሻ አንድ ድመት፦

ወንድሜ፣ ስለ ሮኪ ደስ ብሎኛል። ግን ያንተዋ ትልቅ ድመት ከነበረች ነገሩ ይለያል። ትልቅ ድመት ትቧጭራለች፣ ዛፍ ላይ ትወጣለች፣ ታመልጣለች። ይቺ ግን መዳፍ ውስጥ የምትገባ ግልገል ናት። ውሻ አንዴ በአፉ ይዞ ካራገፋት አለቀ፣ ሰው ሮጦ አይደርስም፣ ማስተማሪያ ሁለተኛ ዕድል የለም። ውሻውም ላይፈረድበት ይችላል፣ ለመጫወት ብሎ ነው የሚያደርገው። የተሳካለት ሰው ያወራል፣ ያልተሳካለት ግን ቀብሮ ዝም ይላል፣ ለዚህ ነው "ምንም አይሆኑም" የሚለው ወሬ የሚበዛው።

የሾላ ገበያዋ፦

ስለ ምግቡ እኔ ልንገርሽ የኔ ቆንጆ፣ በየጾሙ የምቸገርበት ነገር ነው። የላም ወተት አትስጪያት። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ድመትና ወተት ብለን ነው ያደግነው፣ ግን ሆዷን ያስቀምጣታል፣ በዚህ ዕድሜ ተቅማጥ ቶሎ ያደርቃታል። ጥርስ ካላት ትበላለች። ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች የግልገል ደረቅ ምግብ አላቸው፣ ለብ ባለ ውሃ አርሰሽ በቀን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። እሱ ካልተቻለ የተቀቀለ እንቁላል አድቅቀሽ፣ ወይም ዶሮ ያለ ጨው ያለ ምንም ቀቅለሽ አጥንቱን አውጥተሽ ስጫት። ሥጋ ቤቶች ሲከፈቱ ሳንባና ጉበት ትገዢና ቀቅለሽ በትንንሽ ፌስታል ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጫለሽ። ግን ሳንባ ብቻውን አያሳድጋትም፣ ሲቻል ደረቁን ቀላቅዪበት። የውሻ ምግብም ለድመት አይበቃም። ከማዕድ የተረፈ ወጥ በፍጹም እንዳትሰጫት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሟን ያበላሻል። ሽሮም ቢሆን ያው ነው።

እማማ ሥጋ በጾም ቤት አይገባም ካሉ ደግሞ ለሷ የተለየች ድስት ይኑራት፣ እዚያው ሰርቪስ ይቀቀል። የኔም እናት በዚህ ነው የተስማማችው።

የኮተቤዋ ልጅ፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ዶክተር፣ ድዷ ሮዝ ነው፣ ፈዘዝ ያለ ነገር ግን አለው፣ ነገ ክሊኒክ እወስዳታለሁ። የቡቺ ክትባት አልፎበታል፣ የጃክ አላለፈም፣ አብሬ አስከትባታለሁ። የሰርቪሱ በር የታችኛው ክፍል ትንሽ ክፍተት አለው፣ ጃክ አፍንጫውን እዚያ አስገብቶ ሲያሸት ያድራል። ማታ ማታ ታዲያ ምን ላድርግ? እንዳላስር ግቢው ባዶ ይሆናል።

ሁለት ውሻ አንድ ድመት፦

ክፍተቱን ዛሬውኑ በጣውላ ዝጊው። ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን እያሸተተ እየቆፈረ ካደረ ቀን የምታስተምሪው ሁሉ ይፈርሳል። ከተቻለ ደግሞ ከሰርቪስ አውጥተሽ ትልቁ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል አስገቢያት፣ መስኮቱ የሚዘጋ። ውሾቹ ዋናው ቤት የማይገቡ ከሆነ ለሷ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ግቢው ማታ የነሱ፣ ቤቱ የሷ።

ይህ ለመጀመሪያው ብቻ አይደለም፣ ካደገችም በኋላ ይቀጥል። ከመለቀቃቸው በፊት ውሪት ቤት መግባቷን በዓይንሽ አይተሽ በሩ ይዘጋ። የምታመሽም እንደሆነ ማን እንደሚያየው ቤት ውስጥ ተነጋገሩ፣ ብዙ ድመት የሚበላው "አንተ አስገብተሃት መስሎኝ" በሚባልበት ማታ ነው። ቀን ስትወጣ የምትወጣበት ከፍታ ይኑራት፣ ግድግዳው ላይ መደርደሪያ፣ የሰርቪሱ ጣሪያ፣ ምንም ይሁን፣ ውሾቹ ከማይደርሱበት። መኪና ካላችሁ ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፈኑን መታ መታ አድርጉ፣ በብርድ ሞተሩ ውስጥ ይገባሉ።

ጃክ ወራት ወስዶበትም ካልለሰለሰ ችግር የለውም። ሳይገናኙ አንድ ግቢ ውስጥ መኖር ይችላሉ፣ እሱ ሲታሰር እሷ በሌላ በኩል እየወጣች፣ እሱ ሲለቀቅ እሷ ቤት እየሆነች። አድካሚ ነው ግን ይቻላል። ያ ከከበዳችሁ ውሻ የሌለው ሰው ፈልጊላት፣ እኔም እጠይቅልሻለሁ።

ሐኪሙ ከቢሾፍቱ፦

ፈዘዝ ያለ ካልሽ ጠዋት ሳይረፍድ ውሰጃት። እስከዚያ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ አጠገቧ አድርጊላት፣ ሲሞቃት እንድትሸሽ ካርቶኑ ውስጥ ቦታ ተዪላት። ክሊኒክ ስትሄጂ ከአራት ወር ጀምሮ ማርገዝ እንደምትችልም አስቢና መቼ እንደምትመክን አብረሽ ጠይቂ።