የጃፓን መዳብ የሲኒ ማስቀመጫ በሎሚ ፈትጌ ቀለሙ ለቀቀ፤ ምን ይሻላል?

ሻይ በዝግታ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኪዮቶ ነው። ባለፈው ወር በ21 ቶጂ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ የሚቆመው ገበያ ሄጄ ነበር። በየወሩ በ21 ነው የሚውለው፤ ያገለገለ ዕቃ ከፈለጋችሁ የማይገኝ የለም። አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ከዘረጉት መሃል አምስት የመዳብ የሲኒ ማስቀመጫ አየሁ። ቻታኩ ነው የሚሏቸው። ከመዳፌ ትንሽ ሰፋ ይላሉ፣ ገጻቸው በሙሉ የመዶሻ ምት ነው፣ ቀለማቸው ጠቆር ያለ ቡናማ። 6,000 የን አሉኝ፤ ተከራክሬ በ5,000 ወሰድኳቸው።

ጉዱ የመጣው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። «የስንት ዘመን ቆሻሻ ይሆን» ብዬ አንዱን በሎሚና በጨው ፈተግኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፣ ቡናማው ሁሉ ታጥቦ ሄደና ሮዝ የመሰለ አዲስ መዳብ ወጣ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከአራቱ ጎን ሳስቀምጠው ግን ክው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ።

ቀለሙ ይመለሳል? ወይስ እንዲመሳሰሉ አራቱንም ልፈትጋቸው? ደግሞስ በእጅ የተቀጠቀጡ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?

መዶሻና መስፍ

እህቴ፣ በመጀመሪያ አራቱን እንዳትነኪያቸው! ሎሚውን ከወጥ ቤት አውጪው።

ሙያዬ ብየዳ ነው። ኒጋታ ግዛት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ትሱባሜ የምትባለው ከተማ ቅርቤ ስለነበረች ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር መዳብ ቀጥቃጮቹ ዘንድ እየሄድኩ ቆሜ አያለሁ። እዚያ ይህ ሙያ ትሱይኪ ይባላል፤ በመዶሻ እየመቱ ከጠፍጣፋ መዳብ ዕቃ ማስነሳት ማለት ነው። ከተማዋ ድሮ ምስማር በመሥራት ነበር የምትታወቀው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመዳብ ቅጥቀጣ ጥበብ ከሴንዳይ ከተማ መጣ፤ መዳቡ ደግሞ እዚያው ቅርብ ካለው ከያሂኮ ተራራ ይወጣ ነበር። ከ1816 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚሠራ ግዮኩሴንዶ የሚባል ቤት አለ፤ ገብተሽ ሲሠሩ ማየት ትችያለሽ። የጃፓን መንግሥት በ1981 እ.ኤ.አ. የትሱባሜን የመዳብ ሥራ በባህላዊ ዕደ ጥበብነት መዝግቦታል። ያንቺዎቹ ከዚያ ናቸው እያልኩሽ አይደለም። መዳብ የሚቀጠቀጠው በሌላም ቦታ ነው።

ወደ ቀለሙ ልምጣ። ያ ቡናማ ቆሻሻ አይደለም፣ ሠራተኛው ሆን ብሎ ያበሰለው ቀለም ነው። አዎ፣ ያበሰለው ነው ያልኩት። ዕቃው ተቀጥቅጦ ካለቀ በኋላ ድኝ ባለበት ፈሳሽ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይወለወላል፣ ከዚያ የመዳብ ጨዎች በተቀላቀሉበት ውሃ ይቀቀላል። አንዳንዶቹ ቅቅሉ ውስጥ ከመክተታቸው በፊት ዳይኮን የሚባለውን ትልቁን ነጭ ፍጅል ፈግፍገው ይቀቡታል፤ ቀለሙ ሳይዥጎረጎር እኩል እንዲይዝ። እኔ መጀመሪያ ሳይ ሰላጣ ሊሠሩ መስሎኝ ነበር።

አንቺ በሁለት ደቂቃ የላጥሽው ያንን ነው። ግን አትደንግጪ፣ መዳቡ አልተጎዳም።

አረንጓዴው ይበልጥ ያሳስበኛል። የጨውና የሎሚው ቅሪት ምቶቹ ጎድጓዳ ውስጥ ቀርቶ መዳቡን እየበላ ነው። ለብ ባለ ውሃ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጪና በለስላሳ ብሩሽ እጠቢው። ከዚያ በንጹህ ውሃ ደጋግመሽ አለቅልቂ፣ ወዲያው አድርቂው። የብረት መፈተጊያ በአጠገቡ አይለፍ።

በእጅ መሠራቱን ለማወቅ አምስቱንም ደርድሪና ምቶቹን አነጻጽሪ። ማሽን የጨፈለቀው ከሆነ ጎድጓዳዎቹ በአምስቱም ላይ አንድ ቦታ ይወድቃሉ፣ ልክ እንደ ማኅተም። በእጅ ከሆነ ሁለቱ እንኳ አይገጥሙም። ሙሉ ክብነታቸውም ትንሽ ይንሻፈፋል።

ጀበናው

ቀላል መላ አለ። እንቁላል ቀቅለሽ ገና ትኩስ እያለ ቆራርጪው፣ ከማስቀመጫው ጋር ፌስታል ውስጥ አድርገሽ እሰሪው። አስኳሉ የሚያወጣው ጋዝ መዳቡን ያጠቁረዋል። የመዳብ አምባሬ ላይ ሞክሬው ሠርቷል። ከዚያ እንቁላሉን አለመብላት ነው እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም፣ ሃሃ።

መዶሻና መስፍ

ጀበናው ልክ ነው፣ ያጠቁራል፤ እሱም ያው ድኝ ነው። አምባር ላይ ያምራል። ግን ከአራቱ ጋር አይመሳሰልም። የእንቁላሉ ስስ ነው፣ አንዱ ጎን ይጠቁርና ሌላው ሐምራዊ ይሆናል። እኔ ብሆን እንዲሁ እተወዋለሁ። በየቀኑ ተጠቀሚበት፣ ሻይ ከጠጣሽ በኋላ በደረቅ ጥጥ ጨርቅ እሺው። ወዝ ይይዛል። ወራት ይፈጅ ይሆናል፤ ደግሞም አራቱን አይሆንም፣ የራሱን ቀለም ነው የሚያወጣው። የግድ እንደ ድሮው ይሁን ካልሽ ቀለም የሚያበስል ባለሙያ ዘንድ ይዘሽ ሂጂ። እቤት ውስጥ ኬሚካል አትቀቅዪ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ካየሁት ሁሉ ያልረሳሁት ስለሆነ። መዳብ በተመታ ቁጥር ይጠነክራል። የሆነ ቦታ ላይ መዶሻውን እምቢ ይላል፤ ድምፁ ራሱ ይለወጣል፣ ከ«ዱብ» ወደ «ቂል»። ከዚያ በላይ ከመቱት ይሰነጠቃል። ስለዚህ እሳት ውስጥ ከትተው ያግሉታል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ጭው! እኔ ብየዳ ሠራተኛ ነኝና ልቤ ቆመ። ብረት እንዲህ ቢደረግ ይጠነክራል እንጂ አይለሰልስም። መዳብ ግን እንደ ቆዳ ለስልሶ ይወጣል። እንደገና ይመታል፣ እንደገና ይጠነክራል፣ እንደገና እሳት። ማንቆርቆሪያ ከሆነ ይህ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ማስቀመጫ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ግን አታላይ ነው። አንድ ጊዜ እንድሞክር ፈቅደውልኝ ነበር። መሃሉን ስመታው ጠርዙ ተወዛወዘ፣ ጠርዙን ስመታ መሃሉ ተነፋ። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ዥዋዥዌ ሆኖ አረፈው። ሽማግሌው ሠራተኛ ምንም ሳይሉ ተቀብለውኝ አሥር ጊዜ ያህል መቱት። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ኡጂ

ስለ አጠቃቀም ትንሽ። ሲኒውን ማስቀመጫው ላይ እንዳለ አትቅጂበት። ለብቻ ቀድተሽ፣ ሥሩን በፎጣ ጠርገሽ፣ ከዚያ አስቀምጪው። ሥሩ ከረጠበ መዳቡ ላይ ቀለበት ይተዋል፤ ሲባስም ተጣብቆ ሲኒው ሲነሳ አብሮ ይነሳና እንግዳ ጉልበት ላይ ይወድቃል። በእኔ ደርሷል፣ እንግዳዋም የባለቤቴ አለቃ ነበረች። ማስቀመጫው ለሴንቻ፣ ማለትም ለአረንጓዴው የቅጠል ሻይ ነው፤ ማቻን፣ የዱቄቱን አረንጓዴ ሻይ፣ በዚህ አያቀርቡም። መዳቡ ሻዩን ስለማይነካ አትስጊ።

ሻይ በዝግታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! በቤኪንግ ሶዳ አጠብኩት፣ አረንጓዴው እስካሁን አልተመለሰም። አምስቱን ደርድሬ መስኮት ጋ አየኋቸው። ምቶቹ አይገጥሙም! አንደኛው ላይ እንዲያውም ሁለት ምት ተደራርቦ ጎድጉዷል፣ ሠራተኛው ሰው ያናገረው ይመስል። ሮዙን የራሴ አደረግኩት፣ አራቱ ለእንግዳ።

ትናንት አከራዬ ለሻይ መጡ። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። የእኔን አንስተው ገለበጡት፣ ከራሳቸው ጋር አስተያዩትና «ሎሚ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ፣ አፍሬ። ሳቁ። «እኔ በሙሽርነቴ የአማቴን አምስቱንም ነው የፈተግኩት» አሉኝ።

ጀበናው

እና አማትየው ምን አሉ?

ሻይ በዝግታ

ጠየቅኳቸው። ዝም ብለው ሻዩን ድገሚኝ አሉኝ።