ቅዳሜና እሑድ በኮሚናሉ፦ የድሮ ፊልምና የታሪክ ድራማ ማሳያ ዕቅድ (አባላት ሐሳብ እንድትጨምሩበት)

ጸሐፊዋ፦
ጤና ይስጥልኝ የማኅበራችን አባላት። በጠቅላላ ጉባኤው እንደተስማማነው፣ ቅዳሜና እሑድ በጋራ መገልገያ ሕንፃው የድሮ ፊልሞችና የታሪክ ድራማዎች እንዲታዩ ለእድሩና ለወረዳው የምናቀርበውን ማመልከቻ እዚሁ አብረን እናርቅቅ። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከቱሉ ዲምቱ ፒያሳ ድረስ ሄዶ ፊልም አይቶ መመለስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ቃሊቲና ሳሪስ ላይ ታክሲ መቀያየር አለ፣ ማታ ደግሞ የመመለሻው ሰልፍ። አዛውንቶቻችን ነገሩን ከተዉት ቆይተዋል፤ ልጆቻችን የሚያዩትም ስልክ ላይ ያገኙትን ቁርጥራጭ ነው። የኔ መነሻ ሐሳብ ቅዳሜ አንድ ሙሉ ፊልም፣ እሑድ ደግሞ አንድ የተከታታይ ድራማ ክፍል ይታይ የሚል ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቅምት ላይ ብንጀምር ደስ ይለኛል። የትኛው ፊልም፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዕቃ የሚለውን ጨምሩበት።

ጡረተኛው መምህር፣ ብሎክ 7፦
እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ከሁሉ በፊት የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በዕቅዱ ይግባ እላለሁ። ኃይሌ አሜሪካ ዩሲኤልኤ ሲማር ቆይቶ አገሩ ገብቶ የሠራው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የተቀረፀው ንጉሡ በወረዱ ማግስት፣ አገሩ ሁሉ በሚናወጥበት ወቅት ነው። ከተጫዋቾቹም አብዛኞቹ ሙያተኛ ተዋንያን አይደሉም። ታሪኩ ለባለርስት ስለሚያርስ የጭሰኛ ቤተሰብ ነው። ይህን ፊልም እኛ ሰፈር ማየት ሌላ ትርጉም አለው። ብሎካችን የቆመበት መሬት ትናንት የጤፍ ማሳ ነበር። በአቃቂ ዙሪያ ያረሱ፣ እኩልና ሲሶ ሲሰፍሩ የኖሩ አባቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ የት እንደነበሩ፣ ወሬውን ከማን እንደሰሙ ይነግሩናል። እኔ አጥብቄ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ፊልሙ እንዳለቀ ተበትነን አንሂድ፣ ዘመኑን የኖረ ሰው ይናገርበት። ያለዚያ እያንዳንዳችን ቤታችን ተቀምጠን ብናየው ምን ለውጥ አለው?

የወጣቶች ተወካይ፦
ጋሼ፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፣ የምፈራው ግን አለ። ፊልሙ 150 ደቂቃ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ረጋ ብሎ ነው የሚሄደው። የሰፈሩ ልጆች የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰለቻቸው ሁለተኛው ላይ አናገኛቸውም። ለሁለት ቅዳሜ ከፍለን ብናሳየውስ? ወይም መጀመሪያ ቀለል ያለ ነገር እናስቀድምና እሱን በኋላ እናምጣው።

መምህሩ፦
መከፈሉን አልደግፍም። ፊልሙ ረጋ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም ልጄ። ገበሬው ሲያርስ፣ ሴቶቹ ውኃ ሲቀዱ፣ ባለርስቱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲቆጣ፣ ያ ሁሉ ድካም ተመልካቹም ላይ እንዲያርፍ ነው። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በሳምንቱ ካየኸው ያ ስሜት ይበተናል። ቀለል ያለውን እናስቀድም ያልከው ግን ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። ይህኛው እስከ የካቲት መጨረሻ፣ አዋጁ የታወጀበት ሰሞን ድረስ ይቆይ። እስከዚያ ልጆቹም መቀመጥ ይለምዳሉ።

የእድሩ ዳኛ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። እድሩ አግዳሚ ወንበሩንና የፕላስቲክ ወንበሩን በነፃ ይሰጣል፤ ኮሚቴው ቃል ገብቷል። ሁለት ነገር ግን በማመልከቻው ላይ ይጻፍልኝ። ለቅሶ ካለ የዚያ ሳምንት ፊልም ያለ ክርክር ይቀራል፤ ወንበሩም ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል። ሁለተኛው፣ ወንበር ያወጣ ቆጥሮ ይመልስ፣ ፊርማም ይኑር።

የሴቶች ተወካይ፦
ኮሚናሉን ማን እንደሚጠቀምበትም አትርሱ። ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ የሚጋገረው እዚያ ነው፣ ልብስም ይታጠባል፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ በግ ይታረዳል። እስከ 8 ሰዓት ድረስ ቦታው የእናቶች ነው፤ ከዚያ በኋላ ወለሉ ታጥቦ ቢሰጣችሁ አንከለክልም። የልጆችም ነገር አለ። ስለ ባርነትና ስለ ጦርነት የሚተርኩ ፊልሞች ላይ ግርፋት፣ ስቅላት፣ ከዚያም የባሰ ይታያል። ከ12 ዓመት በታች የሆኑት ያለ ወላጅ እንዳይገቡ ይደንገግ። በር ላይ የምትቆም እናት ከየብሎኩ በተራ እናቀርባለን። ቡናና ፈንዲሻም ከኛ ነው፣ ገቢው ለፕሮጀክተር ኪራይ ይዋል።

ከብሎክ 15፦
በሰዓቱ ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ። 9 ሰዓት ላይ ብንጀምርና መሀል ላይ 20 ደቂቃ ብናርፍ፣ ዐስርን በእረፍቱ እንሰግዳለን። 150 ደቂቃ የሚፈጀው ፊልም 12 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ከማግሪብ በኋላ ተመልሰን ውይይቱን እስከ 1 ሰዓት እንጨርሳለን። ከዚያ ካለፈ ከዳር ብሎኮች ለሚመጡት እናቶች መንገዱ ይጨልማል፣ ጅብም አለ።

ኤሌክትሪሻኑ፣ ብሎክ 3፦
በ9 ሰዓት ከሆነ የኮሚናሉ መስኮቶች በጥቁር ላስቲክ ይሸፈኑ፤ ብርሃን ከገባ ጥቁርና ነጩ ፊልም ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ሸራው ጥሩ አቡጀዲ ይሁን፣ ሳይሸበሸብ በእንጨት ላይ ይወጠር።

ዋናው ጉዳይ መብራት ነው። ፕሮጀክተሩ፣ ላፕቶፑና ስፒከሩ አንድ ላይ ወደ 360 ዋት ይወስዳሉ ብለን እንያዝ። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ሲሞላ 1,200 ዋት-ሰዓት አለው፤ የአሲድ ባትሪ ከሆነ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ መጠቀም የለብንም። ኢንቨርተሩ የሚበላውን ስትቀንሱ ከአንዱ ባትሪ የምናገኘው 85 ደቂቃ ገደማ ነው። መብራት ገና ሲጀመር ቢሄድ በአንድ ባትሪ ፊልሙን ማጋመስ እንጂ መጨረስ አንችልም። ስለዚህ ሁለት ባትሪ ያስፈልጋል፣ እሱም 170 ደቂቃ ያህል ይይዘናል። ፊልሙ ከዚያ ከረዘመ የፕሮጀክተሩን ብርሃን ዝቅ እናደርጋለን። ጄኔሬተር ያላችሁኝ አላችሁ፤ ጩኸቱ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ንግግር አያሰማም፣ ተዉት።

ስለ ድምፅም ልጨምር። ቤቱ ባዶ ኮንክሪት ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል። የእድሩን የድንኳን ሸራ በኋለኛው ግድግዳ ላይ ብንሰቅለው፣ ወለሉም ላይ ምንጣፍ ብናነጥፍ ንግግሩ ጥርት ይላል። ስፒከሩ ወለል ላይ አይቀመጥ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ከፍ ይበል።

የእድሩ ዳኛ፦
ሸራው ይሰጣል። ሚስማር ግን አይመታበት፣ በገመድ ይታሰር።

ከብሎክ 28፦
እኔ ለየካቲት 12 ሰሞን «ላየን ኦፍ ዘ ዴዘርት»ን አቀርባለሁ፤ በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። የሊቢያው አርበኛ ኦማር ሙክታር ታሪክ ነው፤ አንቶኒ ኩዊን ነው የሚጫወተው። እኛን የሚመለከተው ሌላኛው ሰው ነው። እዚያ ፊልም ላይ ኦሊቨር ሪድ የሚጫወተው ጄኔራል ግራዚያኒን ሆኖ ነው። ሙክታር የተሰቀለው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያው ግራዚያኒ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኛ አገር ገባ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ከወረወሩበት በኋላም አዲስ አበባ ላይ የሆነውን እናውቃለን። ልጆቻችን ስድስት ኪሎ ያለውን ሐውልት በታክሲ መስኮት አይተውት ያልፋሉ። ሰውየው እኛ ጋ ሳይደርስ በፊት ሊቢያ በረሃ ውስጥ ሕዝብን በሽቦ አጥር አጉሮ ምን እንዳደረገ ሲያዩ ነገሩ ይገጣጠምላቸዋል። ጣሊያን ፊልሙን በ1982 እ.ኤ.አ. አግዳው ነበር፤ በቴሌቪዥን የታየው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ርዝመቱ 173 ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ የወንድሜ የባትሪ ሂሳብ ለዚህኛው ጠበብ ይላል። የካቲት 12 ጾም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፤ ይህ ግን የመታሰቢያ ፊልም ነውና ጾመኛውም ቢያየው የሚከፋ አይመስለኝም።

ከብሎክ 22፦
እናቴን ወክዬ ልጠይቅ። እንግሊዝኛ አትሰማም። እንዲህ ያለውን ፊልም ስታሳዩ እሷና ጓደኞቿ ምን ይሁኑ? ስልክ ላይ እንዳሉት የትርጉም ፊልሞች አንድ ሰው ማይክ ይዞ ይተርክላቸው?

የወጣቶች ተወካይ፦
ማይክ ይዞ መተረክ ፊልሙን ይገድለዋል። አንድ ድምፅ የሁሉንም ሰው ንግግር ሲናገር የተዋናዩ ድምፅ ይጠፋል፣ ዝምታውም ይጠፋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አለን፤ ንግግሩን በየደቂቃው ተከፋፍለን የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ እናዘጋጃለን። ሥራው ቀላል አይደለም፣ ግን እስከ የካቲት ይደርሳል። ጽሑፉን የምትጽፉ ሁሉ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡት፤ ያለዚያ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል። አንድ መስመር ላይ ብዙ አትጫኑ፤ አንባቢው ጨርሶ ምስሉን ለማየት ጊዜ ያግኝ።

ከብሎክ 22፦
ማንበብ የማይችሉትስ?

መምህሩ፦
ተገቢ ጥያቄ ነው። ለእነሱ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊትና ከእረፍቱ በኋላ አምስት አምስት ደቂቃ እኔ ታሪኩን እነግራቸዋለሁ። ማን ማን እንደሆነ፣ ዘመኑ የቱ እንደሆነ፣ የቱጋ እንደደረስን። መጨረሻውን አልናገርም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወንበሮች ላይ ደግሞ ዓይናቸው ለደከመና ጆሮአቸው ለከበደ ቦታ ይያዝ።

የሕግ ባለሙያው፣ ብሎክ 11፦
እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጨርስ ወደ ወረዳ አንሂድ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ለሕዝብ ማሳየት የባለመብቱ ነው፣ መተርጎምም እንደዚያው። «መግቢያ አላስከፈልንም» ማለት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። ቡና እየሸጥን ደግሞ ጥያቄው ይበረታል። ከፍላሽ ላይ ገልብጦ ማሳየቱን ከአሁኑ እንተወው። ለኢትዮጵያ ፊልሞች ለባለመብቶቹ በማኅበሩ ማኅተም ደብዳቤ እንጻፍ፤ የሠፈር ማኅበር ለነዋሪው በነፃ ሊያሳይ መሆኑን፣ ቀኑንና የተመልካቹን ግምት እንግለጽ። ለውጭዎቹም አከፋፋዩን በኢሜይል እንጠይቅ። ፈቃድ ያልመጣለት ፊልም ከዝርዝሩ ይውጣ። እነዚህን ፊልሞች የሠሩ ሰዎች ስንት መከራ አይተው እንደጨረሷቸው እያወቅን በጓሮ በር ማሳየት አይገባንም።

ጸሐፊዋ፦
ይህ ሙሉ በሙሉ ይገባል። የእሑዱ ድራማስ?

ከብሎክ 19፦
«ሩትስ»። በአሜሪካ ኤቢሲ ቴሌቪዥን ጥር 1977 እ.ኤ.አ. ለ8 ተከታታይ ምሽት የታየ ነው። ከጋምቢያ ተነጥቆ በመርከብ የተወሰደው የኩንታ ኪንቴ ዘር እስከ ነፃነት ድረስ ያለፈበትን ያሳያል። ለእኛ 8 እሑድ ይሆናል፣ ሁለት ወር ማለት ነው። የተከታታይ ድራማ ጥሩነቱ ሰው «ቀጥሎስ?» እያለ ሳምንቱን ሙሉ በታክሲ ውስጥ፣ በውኃ ቦቴ ሰልፍ ላይ ሲያወራው መክረሙ ነው። የሴቶች ተወካይዋ ያነሱት የዕድሜ ገደብ እዚህም ይሠራል።

የወጣቶች ተወካይ፦
እደግፋለሁ። እሑድ ግን ከ11 ሰዓት በፊት ያልቅ፤ ከዚያ በኋላ ኳስ አለ፣ ከኳስ ጋር አንወዳደርም።

የሴቶች ተወካይ፦
ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ተበልቶ፣ 8 ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲህ እስካሁን በተባለው መሠረት የማመልከቻው ረቂቅ ይህ ነው፤ የምታርሙት ካለ እስከ ዓርብ ማታ።

«እኛ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ማኅበር አባላት፣ ከጥቅምት ወር ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት አንድ ሙሉ ፊልም፣ ተከታታይ ድራማ በሚታይባቸው ወራት ደግሞ በየእሑዱ ከ8 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት አንድ ክፍል በኮሚናሉ ለነዋሪው በነፃ ለማሳየት እንዲፈቀድልን እንጠይቃለን። ከቅዳሜው ፊልም በኋላ ዘመኑን የኖሩ የሠፈራችን አዛውንቶች የሚናገሩበት ውይይት ይኖራል። የባለመብቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያልተገኘለት ሥራ አይታይም። ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከወላጅ ጋር ብቻ ይገባሉ። ለቅሶ በተከሰተ ሳምንት መርሐ ግብሩ ይታጠፋል። እድሩ ወንበርና ሸራ ያውሳል፤ ማኅበሩ ሁለት ባትሪና ኢንቨርተር ይገዛል፤ ፕሮጀክተር ከቡናው ገቢና ከየብሎኩ በወር ከሚዋጣ 100 ብር ይከራያል።»

ቅዳሜውን ከየሳምንቱ ወደ የሁለት ሳምንቱ ያወረድኩት እናቶቻችን ኮሚናሉን በየሳምንቱ እንዳይለቁ ብዬ ነው።

ኤሌክትሪሻኑ፦
«ሁለት ባትሪ» ከሚለው ቀጥሎ «ከነቻርጀሩ» ብለሽ ጨምሪበት እህቴ። መርካቶ ዋጋ ጠይቄ እስከ ሐሙስ አመጣለሁ።

የሕግ ባለሙያው፦
ለባለመብቶቹ የሚላኩትን ደብዳቤዎች እኔ አረቃለሁ። ማኅተሙ የሚገኘው ማን ጋ ነው?

የእድሩ ዳኛ፦
ከሊቀመንበሩ ዘንድ ነው። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ይገኛሉ፤ አብረን እንሂድ።