ጂሚ ሄንድሪክስን ለወጣቶች በድምፅ እያሳዩ ማስረዳት፦ ጊታሩ፣ የዉድስቶኩ መዝሙርና ሐርለም

ዘፒያሳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ የወጣቶች የሙዚቃ ክበብ ስለ ጥቁር አሜሪካዊው የሮክ ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስ ሕይወትና በኅብረተሰቡ ላይ ስላሳደረው ተጽዕኖ የአንድ ሰዓት ተኩል ዝግጅት እያሰናዳሁ ነው። ታዳሚዎቹ ጊታር፣ ቤዝና ክራር የሚማሩ ልጆች ናቸው። የሕይወት ታሪኩን ከወረቀት አንብቤላቸው መሄድ አልፈልግም፤ እያሰማሁና በመሣሪያ እያሳየሁ ማስረዳት ነው ሐሳቤ። በእጄ ያለው የቀኝ እጅ ስትራቶካስተር (የፌንደር ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ባጭሩ ስትራት)፣ አንድ ዋዋ ፔዳል (እየረገጡ ድምፁን "ዋ-ዋ" የሚያሰኙት)፣ የጀርመኒየም ትራንዚስተር ያለው የፈዝ ፌስ ቅጂ (ድምፁን የሚያሻክር ፔዳል፣ ባጭሩ ፈዝ) እና ባለ 15 ዋት ቲዩብ አምፕ (ማጉያ) ነው።

ሦስት ነገር አጣርቼ መግባት እፈልጋለሁ። ጊታሩን ገልብጦ መያዙ ድምፁን በእርግጥ ይቀይረዋል ወይስ ለዓይን ብቻ ነው? በዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የተጫወተው የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር የጦርነት ተቃውሞ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ? ጥቁር አሜሪካውያንስ በዘመኑ እንዴት ነበር የተቀበሉት? የሚጻፈው እርስ በርሱ ይጋጫል። የምታውቁ ሰዎች እርዱኝ።

ባለፔዳል

ከጊታሩ ልጀምር። አዎ፣ ድምፁን ይቀይረዋል፤ ግን ሰዎች የሚያወሩትን ያህል አይደለም።

ሄንድሪክስ ግራኝ ነበር። የቀኝ እጅ ስትራት ይገለብጥና ክሮቹን ለግራኝ እንዲስማማው እንደገና ይደረድራቸዋል፤ ወፍራሙ ክር ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች። ከዚህ በኋላ የሚለወጡት ነገሮች እነዚህ ናቸው። ድልድዩ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት) አጠገብ ያለው ፒክአፕ (የክሮቹን ንዝረት የሚቀበለው ባለ ማግኔት ክፍል) ሰያፍ ነው የተገጠመው፤ በተለመደው አያያዝ ወደ ድልድዩ የሚጠጋው በቀጭኖቹ ክሮች በኩል ያለው ጫፉ ነው። ሲገለበጥ ወፍራሞቹ ክሮች ወደ ድልድዩ ቀርበው ይሰማሉ፣ ስለዚህ ባሱ ጠበቅና ጠራ ይላል፤ ቀጭኖቹ ደግሞ ራቅ ብለው ስለሚሰሙ ሹልነታቸው ይቀንሳል። የፒክአፑ ማግኔቶች ቁመትም እኩል አይደለም። በአሮጌው የፌንደር አሠራር አጭሩ ማግኔት ያለው ከሁለተኛው ክር ሥር ነው፤ ጊታሩ ሲገለበጥ እሱ አምስተኛው ክር ሥር ይወድቃል፣ የዚያ ክር ድምፅም ዝቅ ይላል። በመቃኛዎቹ በኩል ደግሞ ወፍራሙ ክር እስከ መጨረሻው መቃኛ ድረስ ይሄዳል፤ ቀጭኑ አጭር መንገድ ነው ያለው። ቃናው ያው ስለሆነ የክሩ ውጥረት አይለወጥም፤ የሚለወጠው ክሩን ስትጎትተው ጣትህ የሚሰማው ነገር ነው።

የአንተን ጊታር ግን አትገልብጠው። ቀኝ እጅ ተጫዋች ከሆንክ የእሱን አቀማመጥ የምታገኘው የግራኝ ጊታር ወስደህ ለቀኝ እጅ ክር ስታስርበት ነው፤ ያኔም ቢሆን በአንገቱ ጫፍ ያለው ክር ማስቀመጫ ጥርሱ ተቃራኒ ስለሆነ መቀየር አለበት። ካልተቀየረ ወፍራሙ ክር በጠባቡ ጥርስ አይገባም፣ ቀጭኑ በሰፊው ውስጥ ይንቀጫቀጫል። ድልድዩ ላይም የእያንዳንዱን ክር ርዝመት እንደገና ማስተካከል አለብህ፤ አለዚያ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ቃናው ይሳሳታል።

ለዝግጅትህ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነው። በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገህ ቃኝ፤ ከ1967 ወዲህ አብዛኛውን እንዲያ ነው የተጫወተው። የክሩ ውጥረት ወደ 11 በመቶ ይቀንሳል፣ ክር መጎተት ይቀላል። የክሮቹ ውፍረት (በኢንች ሺኛ) ከቀጭኑ ጀምሮ 10፣ 13፣ 15፣ 26፣ 32፣ 38 ነበር። ዛሬ ሱቅ ውስጥ በሚገኘው ባለ 10 ጥቅል ሦስተኛው ክር 17 ነው፤ እሱን ለብቻው በ15 ተካው። በዚያ ዓይነት ፒክአፕ ላይ ሦስተኛው ክር ከሌሎቹ ጎልቶ ይጮኻል፣ ቀጭን ማድረጉ ያንን ያስተካክለዋል።

ቀጥሎ አውራ ጣትህን በአንገቱ ላይ አሳልፈህ ስድስተኛውን ክር ያዝበት። በዚህ አያያዝ ባሱን አውራ ጣት ይይዝና አራቱ ጣቶች በኮርዱ ዙሪያ ዜማ ለመሥራት ነፃ ይሆናሉ። የሄንድሪክስ ለስላሳ ዘፈኖች አንድ ጊታር ብቻውን ሁለት ሰው የሚጫወት የሚመስለው ለዚህ ነው። ለልጆቹ አንዱን ኮርድ መጀመሪያ በባሬ (አንዱ ጣት ክሮቹን ሁሉ ተጭኖ)፣ ቀጥሎ በአውራ ጣት አጫውተህ ብታሳያቸው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ማኅደር

ስለ መዝሙሩ። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

"የቬትናም ተቃውሞ ነበር" ብለህ በአንድ ዓረፍተ ነገር አትዝጋው፤ ሰውየውን ታሳንሰዋለህ። ሄንድሪክስ ኖቬምበር 27 ቀን 1942 በሲያትል ተወለደ። በ1961 በተሰረቀ መኪና ውስጥ ተይዞ ከእስርና ከውትድርና አንዱን መምረጥ ሲኖርበት ውትድርናን መረጠ፤ በኬንታኪ ፎርት ካምቤል የ101ኛው አየር ወለድ ክፍል ወታደር ሆነ፣ በ1962 ተሰናበተ። በኋላ ቤዝ የተጫወተለትን ቢሊ ኮክስን ያገኘው እዚያው ነው። እንግዲህ ሰውየው ከአውሮፕላን በጃንጥላ የዘለለ ሰው ነው። በ1967 የአውሮፓ ጋዜጠኞች ስለ ቬትናም ሲጠይቁት የአሜሪካን ጦር ወግኖ፣ ጉዳዩን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካውያን ኖርማንዲ ላይ ከማረፋቸው ጋር አመሳስሎ ነበር የመለሰው። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጣውን ለውጥ ልጆቹ ማየት አለባቸው።

ዉድስቶክ ላይ መድረክ የወጣው ኦገስት 18 ቀን 1969፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ፌስቲቫሉ እሑድ ማለቅ ሲገባው ዝናብና መዘግየት አራዘመው፤ ሄንድሪክስ ሲጫወት አብዛኛው ሕዝብ ሄዷል። "በ400 ሺህ ሰው ፊት ተጫወተ" የሚለውን አትድገመው። መዝሙሩንም ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው እዚያ አይደለም፤ ከ1968 ጀምሮ በኮንሰርቶቹ ላይ ይጫወተው ነበር።

ስታሰማቸው ግጥሙን በአማርኛ ተርጉመህ በወረቀት አድላቸው። ስለ ሮኬትና ስለ ቦምብ የሚናገረው ስንኝ ላይ ሲደርስ ዜማውን ትቶ ጊታሩን ያስጮኸዋል፤ የሚወድቅ ነገር ፉጨት፣ ፍንዳታ፣ ሳይረን የሚመስል ነገር ይሰማል። ባንዲራዋ አሁንም እንደቆመች ከሚናገረው ስንኝ በኋላ ደግሞ በአሜሪካ የወታደር ቀብር ላይ በጥሩምባ የሚነፋውን አጭር ዜማ ያስገባል። ይህን ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው እንዲያገኙት ሁለት ጊዜ አሰማቸው። ድምፁ ራሱ ይናገራል።

እሱ ራሱ ከሳምንታት በኋላ በዲክ ካቬት የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ተጠይቆ፣ አሜሪካዊ እንደሆነ፣ መዝሙሩንም በትምህርት ቤት ሲዘምረው እንዳደገ፣ አጨዋወቱም ውብ እንደሆነ ነበር የመለሰው። ተቃውሞ ነው አላለም፤ ይቅርታም አልጠየቀም።

ፖለቲካውን በግልጽ የምታገኘው ከዚያ ቀጥሎ ነው። በ1969 የመጨረሻ ሌሊትና በ1970 የመጀመሪያ ቀን ኒው ዮርክ በሚገኘው የፊልሞር ኢስት አዳራሽ፣ ከቢሊ ኮክስና ከድራመሩ በዲ ማይልስ ጋር "ማሺን ጋን" የተባለውን ዘፈን ተጫወተ። ሲያስተዋውቀው በቺካጎ፣ በሚልዋኪና በኒው ዮርክ ለሚዋጉት ወታደሮች፣ ቀጥሎም በቬትናም ለሚዋጉት ነው ያለው። የአሜሪካን ከተሞች ከቬትናም አስቀድሞ ጠራ። ሦስቱም ተጫዋቾች ጥቁሮች ናቸው። ለእኔ ከዉድስቶኩ ይልቅ የዝግጅትህ እምብርት ይህ ቀረጻ መሆን አለበት። ከ12 ደቂቃ በላይ ነው፣ አትቁረጠው።

ሦስተኛው ጥያቄህ፦ አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር። ለንደን ሄዶ ከመታወቁ በፊት ለአይዝሊ ብራዘርስ ባንድና ለዘፋኙ ሊትል ሪቻርድ ጊታር እየመታ ጥቁሮች በሚዝናኑባቸው አዳራሾች የሠራ ሰው ነው፤ ሙያውን የተማረው እዚያ ነው። ከ1966 በኋላ ግን ከሁለት ነጭ እንግሊዛውያን ጋር ለነጭ ታዳሚ የሚጫወት ተደርጎ ታየ፤ የጥቁሮች ሬዲዮ ጣቢያዎችም እምብዛም አያጫውቱትም ነበር። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1969 በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር ሐርለም ውስጥ በሌኖክስ ጎዳና ላይ ለአካባቢው ማኅበር ገቢ ማሰባሰቢያ በነፃ ተጫወተ፤ ከሕዝቡ እንቁላል የወረወረበትም ነበር። እሱ ግን መጫወቱን ቀጠለ።

ተጽዕኖው በኋላ ነው ፍሬ ያፈራው። ኧርኒ አይዝሊ ልጅ ሳለ ሄንድሪክስ ኒው ጀርሲ በሚገኘው የቤተሰቡ ቤት ይኖር ነበር፤ ኧርኒ በ1973 ከወንድሞቹ ጋር የቀረጸውን ጊታር ስትሰማ ከማን እንደተማረ መጠየቅ አያሻህም። የፈንካዴሊክ ባንድ ጊታሪስት ኤዲ ሄዝል፣ ፕሪንስ፣ በ1985 ኒው ዮርክ ላይ የጥቁሮች ሮክ ኅብረትን ከመሠረቱት አንዱ ቨርነን ሪድ፣ ሁሉም በዚያው መስመር ይመጣሉ።

የክራር ጅማት

ወንድም ዘፒያሳ፣ ክራር የሚማሩትን ልጆች እንዳትረሳቸው፤ ለእነሱ ቀጥተኛ በር አለ። ሄንድሪክስ አብዛኛውን ሶሎ የሚሠራበት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ከሚ ሲነሳ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ ነው። ይህ እኛ ባቲ ማይነር የምንለው ነው። ክራሩን ከሶል ተነስተህ በትዝታ ሜጀር ቃኘው (ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ)፤ መቋጫህን ሶል ላይ ሳይሆን ሚ ላይ ስታደርገው ያው አምስት ድምፅ ይሆንልሃል። ጊታሩ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ካለ ግን ክራሩም አብሮ መውረድ አለበት፤ አለዚያ ሁለቱ አይገናኙም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።

ልዩነቱን ለማሳየት "ፐርፕል ሄዝ" ላይ ያለውን ኮርድ ተጠቀም። ስድስተኛው ክር ባዶ፣ አምስተኛው 7ኛ ፍሬት፣ አራተኛው 6ኛ፣ ሦስተኛው 7ኛ፣ ሁለተኛው 8ኛ፤ አንደኛው አይመታም። በአንድ ኮርድ ውስጥ ሶል ዲየዝም ሶል ተፈጥሯዊም አሉ፤ ሜጀሩና ማይነሩ ጎን ለጎን ይጣላሉ። የእኛ ቅኝት አንዱን መርጦ ይጸናል፣ ብሉዝ ሁለቱንም ይይዛል። ልጆቹ ሁለቱን ድምፆች በክራርና በጊታር ተከፋፍለው ቢመቱት ወዲያው ይገባቸዋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ድምፆቹ መመሳሰላቸው ሄንድሪክስ ከእኛ ወሰደ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው ስኬል በብዙ አገር አለ። ዝምድና ማሳየት ከፈለግክ በተቃራኒው አቅጣጫ ሂድ፤ የኤሌክትሪክ ጊታር በእኛ ቅኝት ውስጥ እንዴት እንደተናገረ ለማሰማት ሰላም ስዩም ከአይቤክስና ከሮሃ ባንድ ጋር የተጫወታቸውን አቅርብ።

ዘፒያሳ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ዋዋውን ከፈዙ በፊት ሳደርገው፣ ሁለቱም ሲከፈቱ የዋዋው እንቅስቃሴ ይጠፋል፣ ፔዳሉን እስከ ጫፍ ስረግጠው ደግሞ ያፏጫል። ፔዳሉ ተበላሽቶ ነው? ስለ አሟሟቱና ስለ ውሎቹስ ምን ያህል ልናገር?

ማኅደር

አሟሟቱን በሁለት ደቂቃ ጨርሰው። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 ለንደን ውስጥ፣ በ27 ዓመቱ፣ ብዙ የእንቅልፍ ክኒን ወስዶ በትውከት ታፍኖ ሞተ፤ መርማሪው ሆን ብሎ ነው ወይስ በስህተት የሚለውን ክፍት አድርጎ ነው የዘጋው። የግድያ ወሬዎቹ ውስጥ አትግባ፤ አንዴ ከተከፈቱ የቀረውን ሰዓት ይበሉታል።

ውሉን ግን አትለፈው፣ ሙዚቀኛ ሊሆኑ ለሚያስቡ ልጆች ከሁሉም በላይ ይጠቅማቸዋል። በኦክቶበር 1965 ለሦስት ዓመት የሚያስር የቀረጻ ውል በ1 ዶላርና በ1 በመቶ የሽያጭ ድርሻ ፈረመ። ታዋቂ ሲሆን ያ ወረቀት ተመዘዘበት፤ ክርክሩን ለመቋጨት የፊልሞር ኢስቱን ቀረጻ አልበም አድርጎ ለሌላ ኩባንያ አሳልፎ መስጠት ግድ ሆነበት። ሲሞት ኑዛዜ አልነበረውም። አባቱ የሥራዎቹን መብት በእጃቸው ያስገቡት በ1995፣ ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላ ነው። ይህን "ማሺን ጋን" ካሰማሃቸው በኋላ ንገራቸው፤ ያ የሰሙት ቀረጻ ራሱ የዕዳ ክፍያ ሆኖ እንደወጣ ሲያውቁ ስለ ውል የምትላቸውን ይሰሙሃል።

ባለፔዳል

ፔዳልህ አልተበላሸም። ፈዝ ፌስ የሚመጣለትን ሲግናል በጣም ስቦ ይጫነዋል፤ ዋዋው ደግሞ ያንን ጫና የሚችል መውጫ የለውም። ለዚህ ነው እንቅስቃሴው የሚጠፋው፣ የሚያፏጨውም። ሄንድሪክስ የተጠቀመበት ቅደም ተከተል ጊታር፣ ዋዋ፣ ፈዝ፣ በ1969 የጨመረው ዩኒቫይብ (ድምፁን የሚያወዛውዝ መሣሪያ)፣ ከዚያ አምፕ ስለነበር ቦታ መቀያየሩን የመጨረሻ ምርጫ አድርገው። የሚሻለው በሁለቱ መሐል ትንሽ በፈር (ዋዋውን ከዚያ ጫና የሚከላከል ሰርኪት) ማስገባት ነው። ግን ሁልጊዜ ክፍት የሆነ በፈር ከፈዙ በፊት ከተቀመጠ ሌላ ነገር ታጣለህ፦ የጊታሩን ቮልዩም ከ10 ወደ 6 ወይም 7 ስታወርድ ፈዙ እየጠራ መምጣቱን። ያ ደግሞ የሄንድሪክስ ግማሽ ሙያ ነው፤ ንጹሕና ሻካራ ድምፅ የሚቀያይረው በእግሩ ሳይሆን በጊታሩ ቮልዩም ነበር። ስለዚህ በፈሩ ከዋዋው ጋር አብሮ የሚከፈትና የሚዘጋ ይሁን፤ ቴክኒሽያን ዋዋው ውስጥ ሊሠራልህ ይችላል። ገመድ አልባ ማስተላለፊያም ያንኑ ችግር ስለሚያመጣ በኬብል ተጫወት።

ጀርመኒየም ሙቀት አይወድም። ክፍሉ ሲሞቅ ትራንዚስተሩ ኤሌክትሪክ ያፈሳል፣ ድምፁ ይደነዝዛል ወይም ይቆራረጣል። ፀሐይ ከሚያርፍበት መስኮትና ከአምፑ ጀርባ አርቀው። ሄንድሪክስም ወደ ኋላ ላይ ወደ ሲሊከን ትራንዚስተር የዞረበት አንዱ ምክንያት ይህ አለመርጋቱ ነው።

መዝሙሩ ውስጥ ያለውን ጩኸት ለማሳየት 100 ዋት ማርሻል አያስፈልግህም። በ15 ዋቱ፣ ፈዙን ከፍተህ፣ ከድምፅ ማጉያው ግማሽ ሜትር ያህል ቆመህ አንድ ድምፅ ያዝ። ከማጉያው የሚወጣው ድምፅ ክሩን መልሶ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሰውነትህን ትንሽ ስታዞር ጩኸቱ ወደ ሌላ ከፍታ ይዘላል። የፊት ረድፍ ላይ ማንንም አታስቀምጥ፣ ለልጆቹም የጆሮ መድፈኛ አዘጋጅ። የትሬሞሎውን ዘንግ ከተጫንክ በኋላ ቅኝቱ ካልተመለሰ ክሮቹ ጥርሶቹ ውስጥ እየያዙ ነው፤ ከመጻፊያ እርሳስ የተፋቀ ዱቄት ቀባባቸው።

አንድ ነገር አደራ፦ የፈዝህ ትራንዚስተሮች ፒኤንፒ ከሆኑ ከዋዋው ጋር በአንድ አዳፕተር አትሰካው። የእሱ ፖዘቲቭ ነው ከመሬት የሚገናኘው፤ የሌሎቹ ኔጌቲቭ ነው። በአንድ ገመድ ሲገናኙ ሾርት ያደርጋሉ። በ9 ቮልት ተራ ባትሪ አስነሳው፤ ባትሪው እንዳያልቅም ዝግጅቱ እስኪጀመር ድረስ ኬብሉን ከመግቢያው ነቅለህ አቆየው።