የቪሌላ የራስ ቅል ወደ መንደሩ ይመለስ ወይስ በቱሪን ይቆይ?

የሕግ ባለሙያው፦ የወንጀል ጥናት ሲነሣ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው የቬሮናው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ (1835–1909 እ.ኤ.አ.)፣ በደቡብ ጣሊያን ካለችው ካላብሪያ፣ ከሞታ ሳንታ ሉቺያ መንደር የመጣውንና ታስሮ ሳለ በፓቪያ የሞተውን የጁዜፔ ቪሌላን የራስ ቅል ሲመረምር፣ ከማጅራት በላይ ባለው አጥንት ውስጠኛ ገጽ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ አገኘ። ከዚህም ተነሥቶ አንዳንድ ሰው ወደ ጥንተ ተፈጥሮው ተመልሶ ወንጀለኛ ሆኖ ይወለዳል የሚለውን ሐሳብ በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ አስፋፋ። የራስ ቅሉ ዛሬም ቱሪን በሚገኘውና በሎምብሮዞ ስም በሚጠራው ሙዚየም አለ። መንደሩ ከስሶ በ2012 በላሜዚያ ቴርሜ ፍርድ ቤት ቢረታም፣ ይግባኝ ሰሚው በ2017 ፍርዱን ሻረ፤ በ2019 ሰበር ሰሚውም ለሙዚየሙ ወሰነ። ክርክሩ በሕግ ቢዘጋም የራስ ቅሉ መመለስ አለበት እላለሁ።

የታሪክ መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ሳይንስ በስሕተት ጎዳና እንዴት እንደሄደ የምናስተምረው ማስረጃውን ከፊታችን አድርገን ነው። ሎምብሮዞም ቢሆን የገዛ አስከሬኑን ለጥናት ተናዝዞ አፅሙ በዚያው ሙዚየም ቆሟል። በኋለኞቹ ሥራዎቹ ድህነትንና መጠጥን ከወንጀል መንሥኤዎች መቁጠሩም አይዘንጋ።

ሐኪሙ፦ ያ ጎድጓዳ ማንንም ሳይበድሉ በሚኖሩ ጤነኛ ሰዎችም ላይ የሚታይ የተፈጥሮ ልዩነት ነው፤ ስለ ጠባይ የሚናገረው ነገር የለም።

የሕግ ባለሙያው፦ ሐኪሙን አመሰግናለሁ። እህቴ፣ ስለ አፅሙ ያነሡት ነጥብ የእኔን ክርክር ያጠናክራል፤ ሎምብሮዞ ወዶ ፈቅዶ ተናዘዘ፣ ቪሌላን ግን ማንም አልጠየቀውም። የሎምብሮዞን ሐሳብ ለመፈተሽ የእንግሊዙ ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ ወደ 3,000 የሚጠጉ እስረኞችን ለክቶ ከተማሪዎችና ከወታደሮች ጋር አነጻጽሮ፣ የተለየ የወንጀለኛ አካል እንደሌለ በ1913 አሳትሟል። ይህን ለተማሪ ለማስረዳት የጎሪንግ መለኪያዎችና በልክ የተሠራ የራስ ቅሉ ቅጂ ይበቃሉ። የካላብሪያ ሰዎች ቁጣ ደግሞ ከአጥንቱ ያለፈ ነው፦ ጣሊያን በ1861 አንድ ከሆነች በኋላ ደቡቡን በተፈጥሮው ወደ ወንጀል ያዘነበለ ሕዝብ አድርጎ መሳል በሰሜን ምሁራን ዘንድ ተስፋፍቶ ነበር፤ የቪሌላ የራስ ቅልም ለዚህ ሥዕል ድጋፍ ሆኖ ተጠቅሷል። ሰበር ሰሚው ሙዚየሙ እንዲመልስ አላስገደደም፤ በፈቃዱ እንዳይመልስ ግን የከለከለው ማነው?